ለዳክዬዎቹ የተረፈው ውሃ

የአከራዬ የዳክዬ ጫጩቶች መሞት የጀመሩት እኔ እግሬን ግቢው ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ነው። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም፤ እኔም ክጄ አላውቅም። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜን የሚያፈላው፣ ሰዎች ከዚህች አንዲት እውነት ተነስተው የደረሱበት ቦታ ነው።

ቤቱ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ያለ ነው። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ጭቃው ይጀምራል፤ ከጭቃው በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከዛፎቹ ወርዶ እስከ ረፋድ ግቢው ውስጥ ይተኛል። የተከራየሁት ፋሲካ እንዳለፈ ነበር፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን አንዲት ሰርቪስ ክፍል። ከዚያ በፊት አያት ኮንዶሚኒየም ከጓደኛዬ ጋር ተዳብዬ እኖር ነበር፤ እሷ ስታገባ እኔ ወጣሁ። ቢሮዬ ጉርድ ሾላ ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ ቤት ፍለጋ ጀመርኩ። ደላላው ሃይማኖቴን ጠየቀኝና ጴንጤ መሆኔን ስነግረው ፊቱ ቅጭም አለ። ከዚያ በኋላ ያሳየኝ ቤት ሁሉ ወይ ጣሪያው የሚያፈስ ወይ በሩ የማይዘጋ ሆነ።

አከራዬ ግን ስለ ሃይማኖት አልጠየቁኝም። እማማ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸው አግብታ አያት የምትኖር፣ ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። ክፍሉን ሲያሳዩኝም ብዙ የነገሩኝ ስለ ውሃ ነበር። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃውንም አንዳንዴ ይዘላል። ሲመጣ ትልቁን በርሜል እንሞላለን፤ ከዚያ በኋላ ያለን እሱ ብቻ ነው።

"በርሜሉ የጋራችን ነው፤ ሳትሳቀቂ ቅጂ፣ ልጄ" አሉኝ።

እኔም ሳልሳቀቅ ቀዳሁ። ከቢሮ ስመለስ የታክሲ ግፊያና ላብ ይዤ መተኛት አልችልም፤ ሌላው ቢቀር ገላዬን መታጠብ አለብኝ።

ሌላ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ የልብስ ማጠቢያ ውሃዬን ግቢ ውስጥ እንዳልደፋ። ኦሞ ዳክዬዎቹን ይጎዳል አሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ሳፋዬን ተሸክሜ በሩን ወጥቼ ቱቦ ውስጥ እደፋ ነበር፤ ሰዎችም ሲያልፉ ያዩኝ ነበር። ይህን የማነሳው እማማ ለዳክዬዎቹ ምን ያህል ይጠነቀቁላቸው እንደነበር ለማሳየት ነው።

ዳክዬዎቹን ያመጧቸው የእማማ ሟች ባለቤት ነበሩ። ሰውየው ፈረንጆች ቤት አትክልተኛ ሆነው ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ፈረንጆቹ አገራቸው ሲገቡ ወንድና ሴት ዳክዬ ትተውላቸው ሄዱ። ሰፈሩ ሳቀ። ሥጋው አይበላ፣ እንቁላሉ አይበላ፤ ኦርቶዶክሶች ዘንድ ዳክዬ ከማይበላው ወገን ነው። ለምን እንደሚያኖሯቸው ሲጠየቁ "ውሃ ላይ ሲሄዱ ማየት ደስ ይለኛል" ይሉ ነበር አሉኝ እማማ። በርሜል ለሁለት አስቆርጠው፣ ግማሹን መሬት ውስጥ ቀብረው ገንዳ አበጁላቸው። ዳክዬዋ እንቁላሏን ጥላ መሄድ እንጂ መታቀፍ አትወድም፤ ዶሮ ናት የምትታቀፍላት። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ቻይናዎች እየመጡ ይወስዷቸው ነበር። ዘንድሮ ግን እማማ ለማንም አልሰጥም ብለዋል። አሮጌዎቹ አነከሱ፣ ሊሞቱ ነው። የባለቤታቸው ነገር ከግቢው እንዳይጠፋ ምትክ ማስቀረት ፈለጉ።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ከሥራ ስመለስ እማማ በርጩማቸውን ገንዳው አጠገብ አስጠግተው ተቀምጠዋል። ዝናብ እያካፋ ነው፣ የሚሞቅ ነገር አልደረቡም፣ ሻርፕ ብቻ ጣል አድርገዋል። ጠዋት ሲሯሯጡ ትቻቸው ከወጣኋቸው ጫጩቶች አብዛኞቹ ሞተው በየቦታው ወድቀዋል፤ አንዱ ገንዳው ውስጥ፣ ሌላው ጠርዙ ላይ፣ የቀሩት ዶሮዋ ክንፍ ሥር። ቁስል የለ፣ ደም የለ። ድመት ቢሆን ይበላቸው ነበር። ሸለምጥማጥም ቢሆን አንገት ይበጥሳል። እነዚህ ግን ምንም ያልነካቸው ናቸው፤ ረጥበዋል እንጂ። ሰኔ ላይ ደግሞ ያልረጠበ ምን አለ?

ዶሮዋ ገና አልገባትም። ክንፏን ዘርግታ የሞቱትን ታሞቃለች።

በማግስቱ አንዱን በፌስታል ጠቅልዬ ጉርድ ሾላ ያለ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ይዤ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፌስታሉን እያየች "ዓሣ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ለማስረዳት ትዕግሥቱ አልነበረኝም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበረው ባለሙያ ጫጩቱን ገለበጠው፣ ዓይኑን ከፈተው፣ ምንቃሩን ከፈተው። ስለ ዶሮ ከሆነ እንደሚያውቅ፣ ዳክዬ ግን አጋጥሞት እንደማያውቅ በግልጽ ነገረኝ። ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠኝ። ለተረፉት ሰጠናቸው፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አንድም አልሞተም። እኔና እማማ ዱቄቱን አመሰገንን። ሌላዋ ዶሮ የታቀፈቻቸውም ተፈለፈሉ፣ ግቢው እንደገና ጫጩት በጫጩት ሆነ።

የሐምሌ ሚካኤል ዋዜማ እንደገና ሞቱ።

ይኼኔ ነው ወሬው የተነሳው። እማማ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው፤ በየወሩ ጽዋ ይጠጣሉ። እዚያ ያዘኑበትን ነገር ተናገሩ፣ የቀረውን ሌሎቹ ሞሉበት። ዳክዬዎቹ ለብዙ ዓመት ምንም ሳይሆኑ ኖረዋል። አሁን ሚካኤል በደረሰ ቁጥር ይሞታሉ። ታዲያ ግቢው ውስጥ አዲስ ነገር ምንድን ነው? አዲሱ ነገር እኔ ነኝ። ጎረቤታችን የሆኑት ማኅበርተኛ፣ አጥር ለአጥር የምንኖር፣ እየሰማሁ እንደሆነ እያወቁ እማማን "መልአኩ ያልወደደው ነገር አለ በዪኝ" አሏቸው።

ስቄ ባልፈው ጥሩ ነበር፤ ግን በተፈጥሮዬ የሚያስቀኝ ነገር ጥቂት ነው። አርብ ማታ ከእኔው ወገኖች ጋር ለጸሎት ስንሰበሰብ ነገሩን አወራኋቸው። አንዲት እህት ዓይኗን ጨፍና ቆየችና በግቢው ላይ የሚሠራ መንፈስ እንዳለ፣ ቶሎ መውጣት እንዳለብኝ ነገረችኝ። እንግዲህ ሁለቱም ወገን በአንድ ነገር ተስማሙ፤ መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ። ስለ ዳክዬዎቹ ያሰበ አልነበረም።

ነገሩን ያባባሰው የእኔ ምላስ ነው። በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት ገንዳው አጠገብ ጥርሴን ስፋቅ ቀንድ አውጣዎቹን አየሁ። ክረምት ላይ በገንዳው ጠርዝ ዙሪያ ይርመሰመሳሉ፤ ዳክዬዎቹም ይለቅሟቸዋል። አሁን ግን ሁሉም ሞተው፣ ሥጋቸው ከቅርፊታቸው ተንጠልጥሎ ወጥቷል። በሽታ ዳክዬንና ቀንድ አውጣን አብሮ አይገድልም። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ወደ እማማ ሮጥኩ።

"እማማ፣ ይሄ በሽታ አይደለም። መርዝ ነው" አልኳቸው።

ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ክፍሌ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ የሚቆለፍ ግቢ ነው። ውስጡ የምንኖረው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

እሑድ ልጃቸው ከአያት መጣች። የእኔ እኩያ ናት፤ ከዚያ በፊት ስንገናኝ እንሳሳቅ ነበር። ክፍሌ በር ላይ ቆማ፣ ግቢ በይ ብላትም ሳትገባ፣ "ክፍሉን ለአዲስ ዓመት እንፈልገዋለን" አለችኝ።

"ለምን?"

"እናቴ ብቻዋን መሆን ይሻላታል። ሰውም እያወራ ነው።"

"ሰው ይተው። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ምንም አላልኩም" አለች፣ ጫማዋን እያየች።

የዋናው ቤት በር ክፍት ነበር። እማማ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የምንባባለውን ሁሉ ይሰማሉ። ወጥተው አንድ ቃል ይሉልኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልወጡም። ሌላው ሁሉ አናዶኝ ነበር፤ ይሄ ግን አስለቀሰኝ። ትኩሳት የያዘኝ ጊዜ አጥሚት ሠርተው በማንኪያ ያጎረሱኝ ሴት ናቸው።

መውጣቱን እወጣለሁ አልኩ። ግን ዳክዬ ገዳይ ተብዬ አልወጣም። የማጣራው ለጫጩቶቹ ብዬ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ለስሜ ነው። የተረፉትና ከመጨረሻዋ ዶሮ ሥር የተፈለፈሉት ተደምረው ጥቂት ጫጩቶች ነበሩ የቀሩት፤ እነዚህም ካለቁ ለአሮጌዎቹ ዳክዬዎች ምትክ የሚሆን አይኖርም።

የነሐሴ ሚካኤል ዋዜማ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። የምጠብቀው ጎረቤትየዋን ነበር። በአጥሩ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ አንድ ነገር ሲወረውሩ ላያቸው ፈልጌ ነበር። በልቤ ፈርጄባቸው ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ እጅ ከፍንጅ መያዝ ብቻ ነው።

የወጡት ግን እማማ ናቸው። ፍልሰታ ስለሆነ ከቀትር በፊት ነው ጉዳያቸውን የሚጨርሱት፣ ከሰዓት ቅዳሴ አለ። ሳፋቸውን በረንዳው ሥር አደረጉና ነጠላቸውን ማሸት ጀመሩ። ሌላ ልብሳቸውን በኦሞ ያጥባሉ። ለሚካኤል የሚለብሱትን ነጠላ ግን ከእንዶድ በቀር ምንም አያስነኩትም፤ ሳሙና ነጩን ያደበዝዘዋል ይላሉ። ከሾላ ገበያ የገዙትን የእንዶድ ፍሬ ራሳቸው ወቅጠው ዘፍዝፈውታል፣ አረፋው እስከ ክንዳቸው ደርሷል። የመጀመሪያውን ውሃ አጥሩ ሥር ደፉት። ነጠላውን አለቀለቁ፣ ጨመቁ፣ በረንዳው ላይ አሰጡ። ያለቀለቁበትን ውሃ ግን አልደፉትም። አረፋው እስኪሞት ጠበቁ። ከዚያ ሳፋውን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ መሐል ላይ እያረፉ፣ ገንዳው ድረስ ወሰዱትና ገለበጡት። "ኑ፣ ኑ" ብለው ጫጩቶቹን ጠሯቸው።

ጫጩቶቹ ተሽቀዳድመው ገቡ። እማማ ቆመው እያዩአቸው ፈገግ አሉ። ከሰኔ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያኔ ነው ያየኋቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ቅዳሴ ሄዱ።

እኔ ዓይኔ አጥሩ ላይ ነበር። ጎረቤትየዋም ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ማንም አልቀረም። ዓይኔን ወደ ገንዳው ስመልስ ጫጩቶቹ ልክ አልነበሩም። እንደ ቡሽ ይንሳፈፉ የነበሩት ጅራታቸው እየሰመጠ ነው። አንዱ ለመውጣት ጠርዙ ላይ ይንጠላጠላል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ዶሮዋ በገንዳው ዙሪያ እየተሽከረከረች ትጮሃለች። ሮጬ ወጥቼ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ዳክዬ ውሃ አይነካውም ሲባል ነው ያደግሁት፤ እነዚህ ግን እስከ ቆዳቸው ርሰዋል፣ ለስላሳው ጸጉራቸው ተጣብቆ የተነከረ ጥጥ መስሏል። አንዳንዶቹ ምንቃር ላይ አረፋ አለ። ዝናቡ ደግሞ የዚያን ሰዓት ከእንጦጦ ወረደ።

መብራት አልነበረም። ክፍሌ በር ላይ ከሰል አቀጣጠልኩና በፎጣዬ እያሸሁ አደርቃቸው ጀመር። ይንቀጠቀጡ ነበር፤ እጄ ውስጥ ልባቸው ሲመታ ይሰማኛል። ከዚያ መንቀጥቀጣቸው እየቀነሰ ሄደ። ሞቋቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሙቀት አልነበረም። ሞተው ነው።

አንዱ ብቻ ተረፈ። እሱን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩና እጄን አሸተትኩት። እንዶድ እንዶድ ይላል።

ቀንድ አውጣዎቹም የዚያን ጊዜ ገቡኝ፤ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ትምህርት ቤት ተምሬ ነበር። በሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ፤ አንዱን ከበርሜሉ፣ አንዱን ከገንዳው። ከአሮጌው ዳክዬ የረገፉ ላባዎች ግቢው ውስጥ ሞልተዋል፤ ሁለት አነሳሁ። የበርሜሉ ውሃ ውስጥ የጣልኩት ላባ ላይ ላዩን ቀረ፣ ሳወጣው ደረቅ ነው። የገንዳው ውሃ ውስጥ የጣልኩት ግን ጠቆረ፣ ከበደ፣ ቀስ እያለ ወረደ።

እማማን ስጠብቅ ንግግር አዘጋጀሁ። ከሐምሌ ጀምሮ የተጠራቀመ ንዴት ነው፤ ጥሩ ንግግር ነበር። ለልጃቸው የምለው ነበረው፣ ለማኅበርተኞቹ የምለው ነበረው፣ በሩ ክፍት ሆኖ ዝም ስላሉት ዝምታም የምለው ነበረው።

መጡ። ፎጣው ላይ የተደረደሩትን አይተው በሩ ላይ ቆሙ። "ማርያምን" አሉ ቀስ ብለው። እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸውና ብርጭቆዎቹን አሳየኋቸው።

"እንዶድ እኮ ተክል ነው" አሉኝ። "ሳሙና መች ሰጠኋቸው? እግዜር ያበቀለው ነገር ምን ያደርጋቸዋል?"

"ላባቸው ላይ ያለውን ቅባት ያጥበዋል፣ እማማ። ነጠላዎን እንደሚያጠራው። ትልልቆቹ ይችሉታል፣ እነዚህ ግን ውሃው ሲገባባቸው በዚህ ብርድ ያልቃሉ። የጠጡትም ይጎዳቸዋል።"

የሰጠመውን ላባ በጣታቸው አወጡት፣ አሹት፣ አዩት። ያመኑ መሆናቸውን ከፊታቸው አየሁ። ማመናቸው ግን አልበቃኝም። እንደ ዓቃቤ ሕግ ቀጠልኩ።

"ታዲያ ድሮስ ምን ሆኑ? ድሮ ለሚካኤል ነጠላ አያጥቡም ነበር? እኔ ሳልመጣ ለምን አልሞቱም?"

"ድሮማ እደፋው ነበር" አሉ።

"ዘንድሮ ለምን አልደፉትም?"

ላባውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ድሮ ብቻዬን ነበርኩ፣ ልጄ። በርሜሉ ለእኔም ለእነሱም ይበቃ ነበር፤ ገንዳውን በንጹሕ ነበር የምሞላው። ዘንድሮ አንቺ አለሽ። ስትመጪ ደክሞሽ ነው የምትመጪው፣ ገላሽን ትታጠቢያለሽ። ውሃ አጣች ብዬ እንዳልሳቀቅ ንጹሑን ላንቺ ተውኩት። ለእነሱ የነጠላው ይበቃቸዋል ብዬ።"

ያዘጋጀሁት ንግግር ከአፌ ጠፋ። ከሰሉ አመድ ሆኗል፣ ዝናቡም አላባራም። የሞቱትን ከፎጣው ላይ አንስቼ ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመርኩ። እሳቸውም አብረውኝ ይከቱ ነበር።

"ልጅቷ ያለችሽን ተዪው" አሉኝ ሲነሱ። "የትም አትሄጂም።"

ሹራቤ ውስጥ የነበረውም ሳይነጋ ሞተ።

በሚቀጥለው ማኅበር እማማ በራሳቸው አፍ፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብለው ለሁሉም ተናገሩ። አላመኗቸውም። እንዶድ እናቶቻችንም አያቶቻችንም ያጠቡበት ነው፣ አንቺ ሩኅሩኅ ስለሆንሽ ልትሸፍኚላት ነው አሏቸው። ጎረቤትየዋ እስካሁን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ አጥሩ ዞር ይላሉ። ልጃቸው ለአዲስ ዓመት ዳቦ ይዛ መጣች፤ ስለ ክፍሉ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባት።

እማማ ከዚያ ወዲህ ለዶሮ እንቁላል አላሳቀፉም። ወንዱ ዳክዬ ሞቷል። ሴቷ ብቻዋን ግቢው ውስጥ እያነከሰች ትዞራለች፣ ገንዳዋ በንጹሕ ውሃ ይሞላል፣ አትገባበትም። እኔ ገላዬን በአንድ ጆግ መታጠብ ተምሬያለሁ፤ ይህን እሳቸው እንዲያውቁ አልፈልግም።

የውሃ ቀን ቧንቧው ገና ሲያጉረመርም እማማ በመስኮቴ በኩል ይጠሩኛል። "ልጄ፣ መጥቷል፤ ቶሎ ቅጂ።" መጀመሪያ እርስዎ ይቅዱ እላቸዋለሁ። አይሰሙኝም፤ ጄሪካኔን ከእጄ ተቀብለው ቧንቧው ሥር ያስቀምጡታል።